የወባ ተሐዋሲ በደማችን ውስጥ ምን ይበላል?

«ኪኒን» የሚለው ቃል ዛሬ የማናቸውም እንክብል ስም ሆኗል፤ መጀመሪያ ግን የአንድ የወባ መድኃኒት ስም ነበረ። ወባ እስከ ቋንቋችን ድረስ የገባ በሽታ ነውና እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች «ይህ የሳይንስ ተማሪዎች ፈንታ ነው» ብለን ልንተወው አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን፥ በደጋው ሳይቀር፥ በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይገመታል። ለመሆኑ ይህ ተሐዋሲ የሚኖረው በምን ምግብ ነው?

ተሐዋሲው በትንኝ ንክሻ ከገባ በኋላ አስቀድሞ በጉበት ይራባል፤ ቀጥሎም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል። ሕዋሱ ኦክሲጅን በሚሸከም ሔሞግሎቢን በሚባል ፕሮቲን የተሞላ ነው። ተሐዋሲው ይህን ፕሮቲን ጥቂት በጥቂት እየዋጠ በራሱ የምግብ ከረጢት ውስጥ ይፈጨዋል፤ ከዚያም አሚኖ አሲዶችን ያገኛል። ከሕዋሱ ሔሞግሎቢን ከግማሽ የሚበልጠውን የሚጨርሰው እርሱ ነው።

ነገር ግን ሁለት ችግር ያጋጥመዋል። አንደኛ፥ ኢሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በዐዋቂ ሰው ሔሞግሎቢን ውስጥ የለም። ስለዚህ ተሐዋሲው የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ሽፋን ልኮ አዲስ መተላለፊያ ይከፍትና የጎደለውን ከውጭ ያስገባል። የሚያከማቸው ስኳርም ስለሌለው ግሉኮስን ከደማችን ያለማቋረጥ ይወስዳል።

ሁለተኛ፥ ሔሞግሎቢን ሲፈጭ ብረት ያለበት ሔም የተባለ ትርፍ ይቀራል፤ ይህም ለተሐዋሲው መርዝ ነው። እርሱም መርዙን አጠጥሮ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ያደርገዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ተሐዋሲውን ሲያገኝ ይህንኑ ቅንጣት በውስጡ አይቷል።

የመድኃኒቱም ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ክሎሮኪን ሔም እንዳይጠጥር ስለሚከለክል ተሐዋሲው በራሱ ትርፍ ይመረዛል። ሆኖም ፋልሲፓረም የተባለው ዐይነት የከረጢቱን አንድ ፕሮቲን ለውጦ ክሎሮኪንን ወደ ውጭ ማስወጣት ቻለ። በዚህ ምክንያት አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ዐይነት ወባ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተጣመሩበትን መድኃኒት ተቀበለች። አርቴሜተርን የሚያነቃውም ያው የሔም ብረት ነው። ዳሩ ግን ተሐዋሲው ይህንንም መቋቋም በምሥራቅ አፍሪካ ጀምሯል።

እንግዲህ ወደ ቆላ አገር ዘመዶቻችን ስንሄድ ይህን እናስረዳ፦ ትኩሳቱ ቢበርድም የሦስቱ ቀን ኪኒን ተቆጥሮ ማለቅ አለበት። በመካከሉ ከተቋረጠ የተረፈው ተሐዋሲ ተመልሶ መብላት ይጀምራል።