የደም አመልካች ምን ይነግረናል?

የዛሬው ትምህርታችን በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመምን በደም ምርመራ ስለ መለየት ነው። ባክቴሪያ ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ተህዋስ ነው። የደም አመልካች የምንለው ደግሞ በደም ውስጥ ተለክቶ ሰውነት ለሕመም የሰጠውን ምላሽ የሚጠቁም ነገር ነው። እንግዲህ አመልካቹ የሚያሳየን ምላሹን እንጂ ተህዋሱን ራሱን አይደለም።

ምላሹን በሁለት ከፍለን እንይ። አንደኛው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ሰውነት አንድን ተህዋስ ለይቶ ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በደባርቅም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ትኩሳት የያዘው ሰው «ታይፎይድ አለብህ» ሲባል ብዙ ጊዜ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረው የዊዳል ምርመራ ነው። ዊዳል የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ይህ ግን ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ለወራት በደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን የዛሬውን ሕመም ካለፈው አይለይም።

ሁለተኛው የብግነት ፕሮቲን ነው። ብግነት ማለት ሰውነት ሲጎዳ ወይም ተህዋስ ሲገባበት የሚያሳየው መቆጣት ነው። ያኔ ጉበት ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫል። በጤነኛ ሰው መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ብግነት ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ መንሥኤው ሲወገድም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላ አመልካች ደግሞ በከባድ የባክቴሪያ ሕመም ጊዜ ፈጥኖ ይጨምራል። በአጭሩ፣ ፀረ እንግዳ አካል ያለፈውንም ሊናገር ይችላል፤ የብግነት ፕሮቲን ግን የሚናገረው የአሁኑን ነው።

የአሁኑን ቢናገርም መንሥኤውን አይነግረንም። ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድብ ባሕርን አልፎ ሁመራ ለአዝመራ ሥራ ቆይቶ የተመለሰ ወጣት አተኮሰው እንበል። ሲአርፒው ከፍ ብሎ ቢገኝ ባክቴሪያ ነው ማለት እንችላለን? አንችልም፤ ወባም ሲአርፒን ይጨምራልና። ስለዚህ ከጣቱ የተወሰደች የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብታ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። እዚያ የወባ ጥገኛ ተህዋስ ሊታይ ይችላል፤ ግርሻ የተባለውን ትኩሳት የሚያመጣው፣ እንደ ጠመዝማዛ ክር የሆነው ባክቴሪያም እንዲሁ። ይህ ምርመራ ተህዋሱን ራሱን ያሳያል።

አመልካች በሕክምናም ጊዜ ይጠቅማል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሲአርፒ ከቀን ወደ ቀን ከቀነሰ ሕክምናው መሥራቱን ያመለክታል። ካልቀነሰ ሐኪሙ መድኃኒቱ ተስማሚ መሆኑን፣ ወይም የተቋጠረ መግል መኖሩን ይመረምራል። አንድ ቁጥር ብቻውን ከሚነግረን ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ የበለጠ ያስረዳናል።

እንግዲህ ውጤት ስትቀበሉ ሐኪማችሁን «ይህ የታየው ተህዋሱ ነው ወይስ የሰውነቴ ምላሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የተረዳ ሰው የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ አይሻም፤ የሚያስፈልገውንም ሳይጨርስ አያቋርጥም።