አሽንክታብ፣ ተፊሊንና ክታብ፦ አንድ ቃል የሸፈነው ልዩነት

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል 23፥5 ላይ ጸሐፍትና ፈሪሳውያን ለታይታ ያሰፉት የነበረውን ነገር «አሽንክታብ» ይለዋል። ቃሉ «ክታብ»ን በውስጡ ስለያዘ፣ የአማርኛ አንባቢ በሐሳቡ የሚስለው በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለውን መከላከያ ነው። የግሪኩ «ፊላክቴሪዮን»ም መጠበቂያ ማለት በመሆኑ ተርጓሚዎቹ ከምንጩ አልራቁም። ይሁንና በዚህ ስም የተጠራው ዕቃ በዕብራውያን ዘንድ «ተፊሊን» የሚባለው ሲሆን ጠባዩ ከክታብ የተለየ ነው።

ተፊሊን አንዱ በክንድ፣ ሌላው ከግንባር በላይ የሚታሰሩ ሁለት ጥቁር የቆዳ ማኅደሮች ናቸው። በውስጣቸው ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 13 እንዲሁም ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11 የተወሰዱ አራት ንባባት በብራና ተጽፈው ይቀመጣሉ። ንባቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ የባለቤቱ ስም አይገባበትም፤ አንዲት ፊደል ብትጎድል ዕቃው ለአገልግሎት አይበቃም። ከሁሉ ይልቅ ጠባዩን የሚገልጠው በሰንበት አለመታሰሩ ነው። ሰንበት ራሷ ምልክት ናትና ሌላ ምልክት አያስፈልግም ይላሉ ረቢዎች። ዋና ተግባሩ ከአጋንንት መጠበቅ ቢሆን ኖሮ በሰንበት ባልወለቀ ነበር። እርግጥ ነው፣ የመጠበቅ እምነት ከአይሁድ ዘንድ ፈጽሞ አልታጣም፤ የመኃልየ መኃልይ የአራማይስጥ ትርጓሜ ተፊሊን አጋንንትን እንደሚያርቅ ይናገራል። ይህ ግን በትእዛዙ ላይ የተደረበ ነው።

ክታብ በአንጻሩ ያለ ባለቤት አይታሰብም። ደብተራው ብራናውን በሰውዬው ቁመት ልክ ቀጣጥሎ ያዘጋጃል፤ በጸሎቱ መካከል «ገብርከ» ወይም «አመትከ» ከሚለው ቀጥሎ የክርስትና ስሙን ያስገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል፤ የዚህ ዓይነቱ ፍቅፋቂ በብዙ ጥቅልሎች ላይ ይታያል። ፅንስ ለሚጨነግፍባት ወይም ሕፃናት ለሚሞቱባት እናት የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ይጻፍላታል፤ ለሌላው ደግሞ አጋንንትን እንደ ዓሣ የሚይዘው መርበብተ ሰሎሞን። ጸሎቱ ለእግዚአብሔር ቢቀርብም፣ አስማቱና ዓይን የበዛበት ሥዕል የሚገሥጹት ጋኔኑን ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው ብራናው ወይም ቆዳው ሳይሆን ጽሑፉ ለማን እንደሚናገር ነው፤ ተፊሊን ለታሳሪው ያሳስባል፣ ክታብ ስለ ታሳሪው ይሟገታል።

የቤተ እስራኤል ልማድ ይህን ልዩነት ያጠናክራል። የኦሪት ዘዳግምን ቃል በግእዝ እያነበቡ ኖረው ተፊሊን አያስሩም ነበር፤ ክታብ ግን ያውቁ ነበር። ተፊሊን የመጣላቸው ከረቢዎች ሥርዓት ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው።

ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የተረፈው ማስረጃ ደግሞ አከፋፈሉን ያወሳስበዋል። ጥንቆላን አጥብቀው ያሳደዱት እኒህ ንጉሥ፣ ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ሰይጣንን መካዱን፣ በግራው ደስክ የተባለውን ጋኔን መካዱንና የማርያም አገልጋይነቱን እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። ግንባርና እጅ የኦሪት ዘዳግም ቦታዎች ናቸው፤ ጽሑፉም ለሁሉም አንድ ነው። የሚጠራው ግን ጋኔኑን ነው፤ ያልታዘዘም ንብረቱ ይዘረፍ፣ በአካሉም ይቀጣ ነበር።