ሰሚም ሰሚ ይሻል

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ቢሮ መከራየትሽን ልትነግሪኝ ስትመጪ ፊትሽ በርቶ ነበር። ሁለቱን ወንበሮች ሰያፍ አድርገሽ እንዳስቀመጥሻቸው፣ ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ እንደለፋሽ፣ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ሳይቀር አጫወትሽኝ። እኔም መርቄ ሸኘሁሽ። ማታ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ቆጨኝ፦ ለመሆኑ አንቺን ማን ይሰማሻል? የሰው ጭንቀት መስማት ከጀመርኩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የሚሰሙትን መስማት ከጀመርኩ ደግሞ 12 ዓመት። ጎበዝ ጎበዝ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ሲተዉ ያየሁት እውቀት አንሷቸው አይደለም፤ ብቻቸውን ሰምተው ብቻቸውን ስለተሸከሙ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከመለጠፍሽ በፊት ይህን ምክሬን አንብቢልኝ።

1. የራስሽን ድስት አትርሺ

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባል የለ? ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት እናት ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ፣ ከአባቱ ጋር መነጋገር አቁሞ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ገና በሁለተኛው ቀጠሮ አባትየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ያወቅሁ መሰለኝ፤ ቁጡ፣ ከቃላቸው የማይመለሱ፣ ለልጅ እንባ የማይራሩ። ልጁ ጥቂት ቃል በተናገረ ቁጥር የቀረውን እኔ እሞላለት ነበር። በአምስተኛው ሳምንት «ከአባትህ ቤት ብትወጣ ይሻልሃል» አልኩት። በስድስተኛው ሳምንት ቀረ፤ ከዚያም በኋላ አላየሁትም።

ያኔ የማማክረው ሰው አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሙያው የቀደሙኝ አንዲት ሴት በየሁለት ሳምንቱ ጉዳዮቼን ሊሰሙኝ ፈቀዱ። የልጁን ታሪክ አውርቼ ስጨርስ ጥቂት ዝም አሉና፣ «አባትየውን አግኝተሻቸው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላገኘኋቸውም። «ታዲያ ከዘራቸውን ሳይቀር የነገርሽኝ ከየት አምጥተሽ ነው?»

ልጁ ስለ ከዘራ አንድም ቀን አላነሣም። ከዘራው የአባቴ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አባቶች ነበሩ፤ እኔ የማየው የራሴን ብቻ ነው። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ሳልሰማው ለሸኘሁት ልጅ ነው። የራስን ማጅራት በራስ ዓይን ማየት አይቻልም፤ የሌላ ሰው ዓይን ይጠይቃል። ሱፐርቪዥን የሚባለው ነገር ያ ዓይን ነው።

2. ሱፐርቪዥንን ከቁጥጥር ለዪው

በየጤና ጣቢያው «ሱፐርቪዥን መጣ» ሲባል የሚሆነውን ታውቂያለሽ። ካርዱ ይደረደራል፣ ያልተሞላው መዝገብ ይሞላል፣ ጋውን ይለበሳል፤ መኪናው ሲሄድ ሁሉም እፎይ ይላል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ማክስ አይቲንጎንና ባልደረቦቹ በርሊን ውስጥ የሳይኮአናሊሲስ ክሊኒክ ከፈቱ። በዚያ የሚሠለጥን ሰው የሚያክመውን ታካሚ ጉዳይ ልምድ ላለው ባለሙያ በየጊዜው እያቀረበ እንዲማር ደንብ ሆነ፤ ሙያው በተስፋፋበት ሁሉ ይህም ልማድ አብሮት ተስፋፋ። ብሪታንያዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የሱፐርቪዥንን ሥራ በሦስት ከፈለችው፦ የሙያው ደንብ እንዳይጣስ መጠበቅ፣ ችሎታን ማሳደግ፣ የደከመውን ባለሙያ ማደስ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ይታወቃል፤ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ሦስተኛው ይረሳል። የብሪታንያ የካውንስሊንግና የሳይኮቴራፒ ማኅበር ዕውቅና የሰጣቸው ባለሙያዎች በወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ሱፐርቪዥን እንዲያገኙ ይጠይቃል፤ ፀጉሩ የሸበተውም ከዚህ አያመልጥም።

ነገሩ ባዕድ አይምሰልሽ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የስንቱን ሰው ኃጢአት ሰምተው ያድራሉ፤ እርሳቸውም ግን በተራቸው የሚናዘዙለት የንስሐ አባት አላቸው። የሁሉን የሚሰማ ሰው እርሱም ሰሚ እንደሚያስፈልገው አያቶቻችን አስቀድመው ያውቁ ነበር።

3. ያሳፈረሽን ይዘሽ ሂጂ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለተገልጋዮችሽ ብቻ አይደለም። የተሳካልሽን ጉዳይ ይዘሽ ብትሄጂ የምታተርፊው ምስጋና ነው፤ ምስጋናው ደግሞ ላልተሳካለት ሰው አይደርሰውም። ይልቅ እነዚህን ልብ በዪ፦ ቀጠሮውን ሲሰርዝ ደስ የሚልሽ ሰው፤ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ ዐሥር ደቂቃ የምትጨምሪለት ሰው፤ ራት ላይ ተቀምጠሽ ድምፁ ከጆሮሽ የማይወጣ ሰው፤ ካላዳንኩት ብለሽ የምትንገበገቢለት ሰው። ሱፐርቪዥን የሚሻው የእነርሱ ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ባለሙያ ታካሚውን ሊጠላ እንደሚችል ሳይሸፋፍን ተናግሯል። የሚጎዳው ጥላቻው ራሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ያላወቀው ጥላቻ ነው።

ትዝታሽንም እንዲሁ አትመኚው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ የምክር ክፍለ ጊዜዎችን በሸክላ ያስቀርጽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው መጽሐፍም የአንድን ተገልጋይ ንግግር ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጨረሻው አትሞታል። ሰው «እንዲህ አልኩት» ብሎ በሚያወራውና በእርግጥ በተናገረው መካከል ሰፊ ርቀት አለ። አንቺ ዛሬ በስልክሽ መቅዳት ትችያለሽ። ነገር ግን ተገልጋዩ በጽሑፍ ሲፈቅድልሽ፣ ማን እንደሚሰማው አውቆ፣ ከሱፐርቪዥን በኋላ እንደምታጠፊው ቃል ገብተሽለት ብቻ ይሁን።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ዕንቅፋት አለ፤ አክብሮት። ታላቅሽ ፊት «እሺ፣ ልክ ነዎት» እያልሽ ያላመንሽበትን ተቀብለሽ ትወጫለሽ። የዚያን ዕዳ የሚከፍለው ግን ተገልጋዩ ነው። «እዚህ ላይ አልተስማማሁም» ለማለት የምትደፍሪበትን ሰው ምረጪ።

4. ወርቁን ፈልጊ፤ ሰሙን ግን አትናቂ

ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ድብርት ይዞኛል» ብሎ አይጀምርም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል፤ ሰሙ ይህ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት እጇ እንደሚደነዝዝ ነገረችኝ። መጀመሪያ ሐኪም እንዲያያት ላክኋት፤ ይህን ምንጊዜም አትዝለዪ። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሲቀር «ከሐሳብ ነው» አላልኳትም። «መቼ መቼ ነው የሚደነዝዝሽ?» አልኳት። «ካውያ ስይዝ» አለችና ዝም አለች። ካውያው ምን እንዳደረጋት ለመናገር አራት ወር ፈጀባት። እነዚያን አራት ወራት እንድታገሥ ያደረጉኝ ሱፐርቫይዘሬ ናቸው፤ እኔማ በሁለተኛው ሳምንት ልጎተጉታት ተነሥቼ ነበር። ማንነቷ እንዳይታወቅ ታሪኳን ለውጬዋለሁ፤ አንቺም የሰው ታሪክ ስታወሪ እንዲሁ አድርጊ።

መጠይቅ መጠቀምን አልቃወምም። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ በአገራችንም ተፈትሿል። ሰውየው ከወር ወር መሻሻሉን ለማየት ይረዳሻል። የካውያውን ነገር ግን ሊነግርሽ አይችልም።

5. ስለ ሞት በግልጽ ጠይቂ

«ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ አዙረሽ አታቅርቢው። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ ብቻውን ይዞት የኖረውን የሚያካፍልበት በር ይከፍትለታል። ቤተሰብ ይህን ነገር እንደ ነውር ስለሚሸሽገው፣ ምናልባት በግልጽ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው አንቺ ትሆኛለሽ። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለው፣ ማን አብሮት ያድራል፣ ጉዳት ሊያደርስበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማን ያርቅለታል ብለሽ ጠይቂ። ብቻውን አትሸኚው። ምስጢር የማይጠበቀው በዚህ ጊዜ መሆኑን በመጀመሪያው ቀጠሮ ነግረሽው ከሆነ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለሐኪም ስትናገሪ እንደ ክህደት አይቆጥረውም። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪ፤ ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ።

6. ክኒኑም ጠበሉም ባላንጣሽ አይደሉም

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላም የምትልኪበት ቦታ አለ፤ የሁለት ሦስት ሐኪሞችን ስልክ ሳትይዢ ቢሮ አትክፈቺ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ያልተኛ፣ እህል የተወ ሰው በንግግር ብቻ አይድንም። እንጦጦ ወጥቶ የሚጠመቀውንም «ተው» አትበዪው። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ለምኚው፤ ከፈቀደልሽም ከሚያጠምቁት አባት ጋር ተነጋገሪ።

7. ይሉኝታን ከደጅ አስቀሪው

ዋጋሽን በመጀመሪያው ስልክ ተናገሪ፤ ሳትናገሪ ቀርተሽ በኋላ የምታኮርፊበት ሰው እንዳይኖር። ክፍለ ጊዜውን 50 ደቂቃ አድርገሽ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል 15 ደቂቃ ተዪ፤ አንተም እዚህ ነህ እንዴ ተባብለው በር ላይ እንዳይገጣጠሙ። መንገድ ላይ ስትገናኙ ተገልጋይሽ ሰላም ካላለሽ አንቺ ቀድመሽ ሰላም እንደማትዪው፣ ይህም ኩራት ሳይሆን ምስጢሩን መጠበቅ እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪው። የዕድርሽን አባል፣ የእህትሽን ባል፣ የጓደኛሽን ልጅ አትቀበዪ፤ ለባልደረባሽ ላኪያቸው። ለበዓል አንድ ኪሎ ቡና ቢያመጡልሽ አመስግነሽ ተቀበዪ፤ በግ ቢያመጡ ግን ለምን እንደመጣ ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አስቢበት።

8. ከባሕር ማዶ ለሚደውለው አድራሻውን ቀድመሽ ያዢ

በአማርኛ የሚሰማቸው ሰው ያጡ ብዙዎች ከውጭ ይደውሉልሻል። ዋሽንግተን ዲሲ እንደ ወቅቱ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እነርሱ ሥራ ሳይገቡ አንቺ ቢሮ ልትዘጊ ስትዪ ነው የምትገናኙት። ከባዱ ግን ሰዓቱ አይደለም። በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ተገልጋዩ ባለበት ግዛት ሕግ ነው፤ ሳታጣሪ አትጀምሪ። ሰውየው ያለበትን ሙሉ አድራሻና አጠገቡ ያለ የአንድ ሰው ስልክ ሳትይዢም አትጀምሪ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ አዲስ አበባ ሆነሽ ደጁን ማንኳኳት አትችዪም። በአሠሪዎቿ ቤት ሆና ከምትደውልልሽ እህት ጋር ደግሞ «አሁን መናገር አልችልም» ማለት ሲያስፈልጋት በምትጠቀምበት አንድ ተራ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

9. ተራሽ ሲደርስ ምክር አታዝንቢ

አንድ ቀን ታናናሾችሽ አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ዘንድሮ የጠየቅኋትን ሁሉ «እንጃ» እያለች መለሰችልኝ። እኔም ጨነቀኝና ምክር በምክር ላይ ደራረብኩባት። መሐል ላይ ቆም ብዬ «ተገልጋይሽ አንቺን እንዲህ ነው የምታደርግሽ?» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አዎ፤ እንጃ ባለችኝ ቁጥር ይጨንቀኝና ብዙ አወራለሁ» አለች። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሃሮልድ ሰርልስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1955 ጽፎታል፤ በባለሙያውና በታካሚው መካከል ያለው ነገር በሱፐርቪዥኑ ክፍል ውስጥ ይደገማል። ስለዚህ የሚሰማሽን ስሜት እንደ መረጃ ቁጠሪው። አንቺን የሚመስል ሰው ለማውጣትም አትሞክሪ።

ዕድሜና ጥበብ ብቻውን ይበቃል ብለሽም አታስቢ። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመሩት ሥራ፣ አያቶች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ይሰማሉ። እነዚያ አያቶች የልጅ ልጅ አሳድገዋል፣ ልጅ ቀብረዋል፤ ያም ሆኖ ከሥልጠናው በኋላ ያለ ሱፐርቪዥን አልተተዉም።

እኔም ዛሬ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በዐሥራ አምስት ዓመት ወደምትበልጠኝ ሳይሆን በዐሥራ አምስት ዓመት ወደምታንሰኝ ባልደረባዬ እሄዳለሁ። ባለፈው ጊዜ ስለ አንድ ወጣት ነገርኳት፤ ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። አቋረጠችኝና «አባትየው ከዘራ ይይዛሉ?» አለችኝ። የድሮ ታሪኬን ታውቃለች። «አልጠየቅሁትም» አልኳት። ማክሰኞ ልጁ ሲመጣ «እስቲ ስለ አባትህ ንገረኝ» አልኩት፤ ከዚያም እስኪጨርስ ዝም ብዬ ሰማሁት።

ጽሑፉን ነገ ትለጥፊዋለሽ። ዛሬ ማታ ግን ለአንድ ሰው ደውዪ።