የአንድ ንጥረ ነገር ጥቅም በምን ይታወቃል?

ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ «ይህን ቫይታሚን የወሰዱ ሁሉ ተሽሏቸዋል» ብሎ ለመናገር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ሰበካ ጉባኤው ምን ይመልሳል? ሰውየው ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ያየው መሻል ከቫይታሚኑ መምጣቱን ግን በምን ያውቃል?

ለዚህ ፎሊክ አሲድን እንመልከት። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ይሞታል፤ ወይም ከብርቱ የአካል ጉዳት ጋር ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 የእንግሊዝ ሐኪሞች ቀደም ሲል ይህ ለደረሰባቸው እናቶች ከመፅነሳቸው በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ያለበት ቫይታሚን ሰጥተው ጉዳቱ እምብዛም እንዳልተደገመ ጻፉ። ብዙ ባልንጀሮቻቸው ግን አልተቀበሏቸውም፤ በእኔ አስተያየት በትክክል። የወሰዱት አስቀድመው የተዘጋጁ፣ ለንጽጽር የቀረቡት ደግሞ ቀድመው የፀነሱ ወይም እንክብሉን ያልፈለጉ ሴቶች ነበሩ። ልዩነቱ ከእንክብሉ ይሁን ከሴቶቹ አኗኗር አልተለየም።

ስለዚህ በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት አዲስ ጥናት ተደረገ። ማን ምን እንደሚወስድ የተወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ማትያስም ከዐሥራ አንዱ ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። እዚህ ግን ያስፈለገው ጠንቃቃዋና ቸልተኛዋ፣ ባለጸጋዋና ድኻዋ በሁለቱም ወገን ተመጣጥነው እንዲገኙ ነው። እናቶቹም ሐኪሞቹም ፎሊክ አሲድ የትኛው እንክብል ውስጥ እንዳለ አያውቁም ነበር። በ1991 ውጤቱ ሲገለጥ፣ ጉዳት ከደረሰባቸው 27 ፅንሶች መካከል ፎሊክ አሲድ ከወሰዱት ወገን የተገኙት 6 ብቻ ሲሆኑ፣ በቁጥር ከሚተካከላቸው ከሌላው ወገን 21 ተገኙ። ጥቅሙ ግልጽ ስለ ሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

ሁሉም ንጥረ ነገር ግን ፈተናውን አያልፍም። አትክልት የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር ብዙ እንደማይያዙ ስለ ታየ፣ በፊንላንድ በ29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ቤታ ካሮቲን በእንክብል ተፈተነ። በ1994 በወጣው ውጤት በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። ለምግቡ የተሰጠው ምስክርነት ለእንክብሉ አልሠራም።

ነገሩ በሌላውም ወገን እንዲሁ ነው። በጾም የምንመገባቸው ምስርና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ በጥናቱ የተፈተነው ግን እንክብሉ ነው። ደግሞም ፎሊክ አሲድ ለፅንስ መጥቀሙ ለድካም ወይም ለልብ ሕመም መድኃኒት አያደርገውም። ሻጩ ይህን ሲጨምርበት «ይህስ በዕጣ ተፈትኗልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ለመፅነስ ካሰቡበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 0.4 ሚሊ ግራም እንዲወስዱ ይመክራል፤ ቀደም ሲል ጉዳቱ የደረሰባት እናት የሚያስፈልጋትን ከፍ ያለ መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። ብዙ እናቶች መፅነሳቸውን ሲያውቁ 28ቱ ቀን አልፏል። የሙሽሮቹን አሳብ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባት ነውና፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልካቸው ከሠርጉ በፊት ይሁን።