መቀመጫዬን አሞኝ ወደ እግሬ ይወርዳል፤ የግድ ዲስክ ነው?



ከመቀመጫ ተነስቶ ወደ ጭን የሚወርድ ሕመም ሲሰማን ብዙዎቻችን ወዲያው "ዲስኬ ተንሸራቷል" ብለን እንደመድማለን። ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁሌም አይደለም። አንዳንዴ ችግሩ ያለው ወገብ ላይ ሳይሆን እዚያው መቀመጫ ውስጥ ባለ ትንሽ ጡንቻ ላይ ነው። ይህ ፒሪፎርሚስ ሲንድሮም ይባላል።

📌 እንዴት ይከሰታል?
ፒሪፎርሚስ ከአከርካሪ የታችኛው ክፍል ተነስቶ ከጭን አጥንት ጫፍ ጋር የሚያያዝ ጡንቻ ነው። ትልቁ የእግር ነርቭ (ሳያቲክ) በአብዛኛው ሰው በዚህ ጡንቻ ስር ያልፋል። ጡንቻው ሲኮማተር ወይም ሲቆጣ ነርቩን ይጫነዋል። ረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ መውደቅ፣ ሳይዘጋጁ ብዙ መሮጥ ሊያስነሱት ይችላሉ።

📌 ምልክቶቹ
✅ አንድ ጎን መቀመጫ ውስጥ ጠለቅ ያለ ሕመም
✅ ሲቀመጡ እና ደረጃ ሲወጡ መባስ
✅ ወደ ጭን የሚወርድ ማቃጠል ወይም መደንዘዝ
✅ ቦታው ሲጫኑት ማመም

ከዲስክ የሚመጣ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከወገብ ይጀምራል፤ ሲያጎነብሱ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ይብሳል። ምልክቶቹ ስለሚመሳሰሉ ግን መለየት ያለበት ሐኪም መርምሮ ነው። ኤምአርአይ ላይ ዲስክ ታየ ማለት ሕመሙ የግድ ከእሱ ነው ማለት አይደለም፤ ምንም የማያማቸው ሰዎችም ላይ ይታያል።

📌 ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?
1. በየ30 ደቂቃው ተነስታችሁ ተንቀሳቀሱ። ሾፌሮች፣ ዋሌታችሁን ከኋላ ኪስ አውጡት!
2. በጀርባ ተኝታችሁ ሁለቱንም ጉልበት እጠፉ። የሚያመውን እግር ቁርጭምጭሚት ሌላኛው ጉልበት ላይ አድርጉ። ከዚያ የታችኛውን ጭን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ደረት ሳቡ። 30 ሰከንድ ያዙ፤ 3 ጊዜ ድገሙ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ አቁሙ።
3. በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያዙበት፤ እንዳያቃጥላችሁ ተጠንቀቁ።
4. ቀኑን ሙሉ አትተኙ፤ በልክ ተራመዱ።

⚠️ ተጠንቀቁ
እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ላለበት ሰው እና ለነፍሰ ጡር ጉዳት ስላላቸው ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። "መርፌ ይሻለኛል" ብላችሁም አትሩጡ፤ መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ቦታውን ከሳተ ያንኑ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በኃይል መታሸትም ሊያባብሰው ይችላል።

🚨 ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ፦
🔴 ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ
🔴 ብልት እና ፊንጢጣ አካባቢ ከደነዘዘ
🔴 እግራችሁ ከዛለ ወይም መዳፉን ማንሳት ካቃታችሁ
🔴 ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ (የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል)

እነዚህ ከሌሉ አብዛኛው ሰው በእንቅስቃሴ እና በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካጣችሁ ግን ታከሙ፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።