የጂማት ውጤቴ አነሰ ወይ?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አሜሪካ ኤምቢኤ ለመማር ጂማት ተፈትኜ 645 አመጣሁ። ከዓመታት በፊት የተፈተነች ባልደረባዬ ግን 700 ነበራት። ፈተናውን ልድገመው?
ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ውጤቶች በአንድ መለኪያ አልተለኩም። የቀድሞው ፈተና ከ200 እስከ 800 ይታረም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የጀመረው አዲሱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን፣ ውጤቱ ሁልጊዜ በ5 ያበቃል። የነጥብ አሰጣጡም ስለተለወጠ የእርስዎ 645 ከቀድሞው 700 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከነጥቡ ይልቅ ፐርሰንታይሉን ይመልከቱ፤ ከስንት በመቶ ተፈታኞች እንደበለጡ ያሳይዎታል። ለመድገም ካሰቡ ከሒሳብ፣ ከቋንቋና ከመረጃ ትንተና ክፍሎች ዝቅ ያለብዎትን አስቀድመው ይለዩ። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከመወሰንዎ በፊት ግን የመረጡትን ትምህርት ቤት የቅበላ ክፍል ቢጠይቁ ይሻላል።