ዩኒፎርማችን ቀለም እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

በዛሬው የሳይንስ ዓምድ ብዙ ቤት የሚያጋጥም ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ።

የታላቅ ልጅ ዩኒፎርም ሲደበዝዝ ወላጆች ከሂርማታ ገበያ የዱቄት ቀለም ገዝተው፣ ውሃ አፍልተው ይነክሩና ለታናሹ ያለብሳሉ። አንዳንዱ ልብስ አዲስ ይመስላል። አንዳንዱ ግን በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ገንዘቡም አብሮ። ለምን?

1. ጥጥና ፖሊስተር

ጥጥ ከተክል የሚገኝ ሲሆን ውሃ ይወዳል። ቀለሙ ከውሃው ጋር ክሩ ውስጥ ይገባል። ፖሊስተር ግን ፕላስቲክ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ብሪታንያውያን ፈለሰፉት። የሃይላንድ ጠርሙስም የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። የቀዘቀዘ ቡና የያዘ ሃይላንድ ሲታጠብ ይጠራል አይደል? አቡጀዲ ላይ የፈሰሰ ቡና ግን በቀላሉ አይለቅም።

2. ሳሙና ምን ይሠራል?

የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት። አንዱ ውሃ፣ ሌላው ቅባት ይወዳል። ስለዚህ ጨርቁ ላይ ያለውን የፋብሪካ ዘይትና የላብ ቅባት ታነሳለች፤ ውሃውም እንደ ዶቃ መሆኑን ትቶ ይሰራጫል። እንዶድ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ የሚያረፋው እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚጠቅም ያረጋገጡት ይህንኑ ፍሬ ነው። ግን መርዝ ስለሆነ አፍና ዓይን እንዳይነካ!

3. የሠራሁት ሙከራ

ከአሮጌ ፖሊስተር ዩኒፎርም ሦስት ቁራጭ፣ ከአቡጀዲ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩ። አቡጀዲውን በሳሙና አጥቤ አለቀለቅኩት። ከፖሊስተሮቹ አንዱን ሳላጥብ ተውኩት፤ ሁለተኛውን በሳሙና አጥቤ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት፤ ሦስተኛውን ሳላለቀልቅ ከነሳሙናው ተውኩት። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በቡና አተላ ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቀልኳቸው፤ እናቴም አጠገቤ ነበረች።

• አቡጀዲው ደህና ቡናማ ሆነ።
• ያልታጠበው ፖሊስተር ዥጉርጉር ሆነ።
• ታጥቦ የተለቀለቀው እኩል ያዘ፤ ግን ፈዛዛ ነው።
• ሳሙናው ያልወጣለት ከሁሉም ነጣ። ሳሙናው ቀለሙን ውሃው ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉንም መልሼ ሳጥባቸው የፖሊስተሮቹ ቀለም አብዛኛው ለቀቀ።

4. ምን ተማርን?

ቀድሞ ማጠብ ቀለሙ እኩል እንዲዳረስ ይረዳል እንጂ ፖሊስተርን ጥጥ አያደርገውም። ፋብሪካዎች ለፖሊስተር የተለየ ቀለም ይጠቀማሉ፤ በተዘጋ ማሽን ውስጥም እስከ 130 ዲግሪ ያሞቁታል። በዚያ ሙቀት ክሩ ላላ ስለሚል ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ጅማ ግን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ስለሚበልጥ፣ በድስታችን ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አይደርስም!

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችን በፊት የልብሱን ምልክት እናንብብ። ጥጥ ከሆነ አጥበን፣ በደንብ አለቅልቀን እንንከር። ጥጥና ፖሊስተር ቅልቅል ከሆነ ጥጡ ብቻ ስለሚይዝ ይፈዝዛል። ሙሉ ፖሊስተር ከሆነ ገንዘቡ ለደብተር ይሁን።

ጥያቄ፦ የጆንያና የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ውሃ ብናንጠባጥብ የትኛው ቶሎ ይጠጣል? ለምን? መልሳችሁን ለክበባችን አምጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!